የደም ዓይነት ውርስና ሾተላይ፦ ጥያቄና መልስ

የደም ዓይነት ከወላጅ ወደ ልጅ እንዴት እንደሚተላለፍ ከተጠየቁት መካከል ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌ በተራ እመልሳለሁ።

እኔ ኤ ፖዘቲቭ፣ ባለቤቴ ቢ ፖዘቲቭ ነን። ልጃችን ኦ ኔጌቲቭ ነው ተባልን። ላቦራቶሪው ተሳስቶ ይሆን?

ላይሳሳት ይችላል። ካርድ ላይ የሚጻፈው የሚታየው ብቻ ነው። ልጅ ግን ከእናት አንድ፣ ከአባት አንድ ጂን ይወርሳል፤ ኦ ደግሞ በኤም በቢም ይሸፈናል። እርስዎ «ኤኦ»፣ ባለቤትዎ «ቢኦ» ከሆናችሁ ልጁ ኤቢ፣ ኤ፣ ቢ ወይም ኦ የመሆን ዕድሉ እኩል ነው፤ እያንዳንዱ 25 በመቶ። ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ለብቻው ይወረሳል። የኤቢኦ ጂን 9ኛው ክሮሞዞም ላይ፣ ፖዘቲቭ ወይም ኔጌቲቭ መሆንን የሚወስነው የአርኤች ዲ ጂን 1ኛው ላይ ስለሆነ አንዱ ሌላውን አይከተልም። ሁለታችሁም ኔጌቲቩን ተሸፍኖ ከያዛችሁ እዚህም 25 በመቶ ነው። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ኦ ኔጌቲቭ ከ16 አንድ ይሆናል። ይህ በየእርግዝናው እንደ አዲስ የሚቆጠር ዕድል ነው፤ ቀድመው የተወለዱት ልጆች አይቀንሱትም፣ አይጨምሩትም።

በደም ዓይነት አባትነት ይረጋገጣል?

አይረጋገጥም፤ ቢበዛ «ሊሆን አይችልም» ያሰኛል። ሁለት ኦ ወላጆች ኤ ወይም ቢ፣ ኤቢ የሆነ ወላጅ ኦ፣ ሁለት ኔጌቲቮች ፖዘቲቭ አይወልዱም። እነዚህም ቢሆኑ ከስንት አንዴ የሚያጋጥም ልዩ ሁኔታ አላቸው፤ ቦምቤይ የሚባለው የደም ዓይነት ለምሳሌ በተለመደው ምርመራ ኦ መስሎ ይነበባል። ከሁሉ በፊት የሦስቱም ደም እንደገና ይመርመር። በሌላ ሰው ስም የተለጠፈ ናሙና ብዙ ትዳር ያውካል። ጥርጣሬው ከቀጠለ የዲኤንኤ ምርመራ ነው።

ኦ ኔጌቲቭ ነኝ፣ ባለቤቴ ፖዘቲቭ። የመጀመሪያ ልጄ በሰላም ተወለደ፤ አሁን የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። አማቴ «ሾተላይ በሁለተኛው ነው የሚመጣው» ይሉኛል።

አማትሽ ያዩት ልክ ነው፤ ምክንያቱ ግን በሴቲቱ ላይ ያደረ ነገር አይደለም። የልጁ ደም ፖዘቲቭ ከሆነ፣ በወሊድ ጊዜ የእንግዴ ልጁ ሲላቀቅ ጥቂት ደም ወደ እናት ይገባል። ሰውነቷ ባዕድ ነው ብሎ የሚዋጋው አንቲቦዲ (ፀረ እንግዳ አካል) ይሠራል። ይህ ሳምንታት ስለሚወስድ የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ያመልጣል። ቀጣዩ ፅንስ ፖዘቲቭ ሲሆን ግን የተዘጋጀው አንቲቦዲ ወደ እሱ አልፎ ቀይ የደም ሴሎቹን ያፈርሳል፤ ደም ማነስ ያመጣል፣ ሲከፋ ሰውነቱ ያብጣል፣ ሊሞትም ይችላል።

አሁን ሳትዘገዪ አንቲቦዲው ደምሽ ውስጥ መኖር አለመኖሩን የሚያሳየውን፣ ኢንዳይሬክት ኩምብስ የሚባለውን ምርመራ አሠሪ። ውጤቱ ኔጌቲቭ ከሆነ በ28ኛው ሳምንት ሰውነትሽ አንቲቦዲውን እንዳይሠራ የሚከላከለውን አንቲ ዲ የሚባል መርፌ 300 ማይክሮግራም ትወጊያለሽ። ስትወልጂ ከእትብቱ ደም ተወስዶ፣ ልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ ይደገማል። አንዱ 300 የሚሸፍነው 30 ሚሊ ሊትር ያህል የፅንስ ደም ነው፤ ከዚያ በላይ ከገባ መጠኑ ይጨመራል። ለኩምብስ የሚሆነው ደም ከመርፌው በፊት ይወሰድ፤ በኋላ ከሆነ የተወጋሽው ራሱ ደካማ ፖዘቲቭ አስመስሎ ያደናግራል።

ኩምብሱ ከአሁኑ ፖዘቲቭ ከሆነና የተገኘው ሰውነትሽ ራሱ የሠራው አንቲ ዲ (ፖዘቲቭ ደምን የሚያጠቃው አንቲቦዲ) ከሆነ መርፌው አይጠቅምም፤ የተሠራውን አንቲቦዲ አያጠፋምና። ያኔ መጠኑ በየጊዜው ይለካል። 1 ለ 16 ወይም 1 ለ 32 ሲደርስ የፅንሱ ደም ማነስ በዶፕለር አልትራሳውንድ ይታያል።

ፅንስ ቢጨነግፍስ?

በውርጃ፣ ከማህፀን ውጭ በሆነ እርግዝና፣ በእርግዝና ደም መፍሰስ ወይም ሆድ ላይ በደረሰ ምት ጊዜም ኔጌቲቭ እናት አንቲ ዲ ያስፈልጋት እንደሆነ መጠየቅ አለባት፤ የ72 ሰዓቱ ሕግ እዚህም ይሠራል። «ወሊድ አይደለም» ተብሎ በብዛት የሚዘለለው ይኸው ነው። ቀኑ ቢያልፍም እስከ 10 ቀን ድረስ ጥቂት ሊከላከል ስለሚችል መሄዱ አይቀር።

እኔ ፖዘቲቭ፣ ባለቤቴ ኔጌቲቭ ነው። መርፌው ያስፈልገኛል?

አያስፈልግሽም።

ኦ ፖዘቲቭ ነኝ። ሦስት ጊዜ በሁለትና በሦስት ወር አስወረደኝ፤ ሾተላይ ነው ይሉኛል።

ፖዘቲቭ እናት በዚህ መንገድ አንቲ ዲ አትሠራም። ለኔጌቲቭ እናትም ቢሆን የአርኤች ችግር የሚጎዳው በአብዛኛው ከፍ ያለውን ፅንስ ነው። ተደጋጋሚ የመጀመሪያ ወራት ውርጃ የሌላ ምርመራ ጉዳይ ነው፤ የማህፀን ቅርጽ፣ ታይሮይድ፣ ስኳር፣ የደም መርጋት ችግር፣ የሁለቱ ወላጆች ክሮሞዞም።

ባለቤቴ ፖዘቲቭ ነው። ልጆቼ ሁሉ ፖዘቲቭ ይሆናሉ?

ከሁለቱም ወላጆቹ ፖዘቲቭ ጂን ከወረሰ አዎ። አንዱ ኔጌቲቭ ከሆነና አንቺም ኔጌቲቭ ከሆንሽ በየእርግዝናው 50 በመቶ ነው። እናቱ ወይም አባቱ ኔጌቲቭ ከሆኑ፣ ወይም ከዚህ በፊት ኔጌቲቭ ልጅ ከወለደ፣ ሁለተኛው ዓይነት ነው።

ኦ ፖዘቲቭ ነኝ፣ አራሱ ልጄ ኤ ፖዘቲቭ። አንድ ቀን ሳይሞላው ዓይኑ ቢጫ ሆነ፤ ፀሐይ አሙቂው ተባልኩ።

ዛሬውኑ ውሰጂው። የኦ እናት ፀረ ኤና ፀረ ቢ አንቲቦዲ ከመጀመሪያውም ስላላት፣ የልጁን ደም የሚያፈርሰው ይህ ችግር በበኩር ልጅም ይመጣል። ብዙውን ጊዜ ከአርኤቹ ይቀላል፤ ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የታየ ቢጫነት፣ ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢን በደም ሳይለካለት አይታደርም። የጧት ፀሐይ በሐኪም ቤት የሚሰጠውን የሰማያዊ መብራት ሕክምና አይተካም፤ ቢሊሩቢኑ ካሻቀበ አንጎል ይጎዳል።