ቤቱ አለቀ የሚባለው መቼ ነው? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

አንድ አንባቢ ሶሌታው (የፎቁ የአርማታ ወለል) ከተሞላ ገና ስድስተኛ ቀኑ ነው፤ ኮንትራክተሩ ግን ከሥሩ የደገፈውን እንጨት ነቅሎ ሌላ ሳይት ሊወስደው ይፈልጋል። «ልፍቀድለት?» ይላሉ።

አይፍቀዱለት። አርማታ የታሰበለት ጥንካሬ የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። የእንጨት ቋሚዎቹ መቼ እንደሚነሱ የሚወስነው የስትራክቸር መሐንዲሱ ነው፤ እሱም በጽሑፍ ይስጥዎ። እንጨት አጠረኝ ማለት የኮንትራክተሩ ችግር እንጂ የቤትዎ አይደለም። እስከዚያው ሶሌታው ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ ይጠጣ።

ሌላ አንባቢ ደግሞ ሥራውን ለመከታተል የትኛውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ልግዛ ብለዋል። ለአንድ ቤት ደብተር ይበቃል፤ ዋናው በየቀኑ መጻፍዎ ነው።

ከኩዌት የጻፉልኝ እህት ሦስት ዓመት ሙሉ ለወንድማቸው ገንዘብ ልከዋል። ደብረ ብርሃን ላይ የተጀመረው ጂ ፕላስ ዋን ሶሌታው ተሞልቶ ቆሟል። ደረሰኝ ሲጠይቁ ወንድም ይቀየማል።

እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ወንድምዎ በላብኝ ለማለት የሚያበቃ ነገር አላገኘሁበትም። ያየሁት አንድ ሰው ዕቃ ገዢም፣ ሠራተኛ ቀጣሪም፣ ተቆጣጣሪም፣ ከፋይም ሆኖ መክረሙን ነው። እንዲህ ሲሆን የማንም ሒሳብ ይምታታል። አላላክዎም ችግር አለበት። ደመወዝ በገባ ቁጥር ይልካሉ፤ እሱም በደረሰው ልክ ይገዛል። ፌሮ እስኪገዛ ሲሚንቶው እርጥበት ስቦ ይጠጥራል፤ ግንበኛውም ሌላ ሥራ ይይዛል።

አሁን መጀመሪያ ቤተሰብ ያልሆነ መሐንዲስ ይላኩ። የተሠራውን ለክቶ፣ የቀረውን ከነመጠኑና ከነዋጋው ይዘርዝርልዎ፦ ግንብ፣ ጣሪያ፣ ኤሌክትሪክና ቧንቧ፣ ልስን፣ ሴራሚክ፣ በርና መስኮት፣ ቀለም። ሶሌታ ተሞላ ማለት ቤቱ ሊያልቅ ነው ማለት አይደለም፤ ብዙ ገንዘብ የሚበላው ፊኒሺንጉ ነው። ከዚያ ለአንድ ደረጃ የሚበቃውን አጠራቅመው ይላኩ፤ ያ ደረጃ ተለክቶ ሳያልቅ የሚቀጥለውን አይላኩ።

ለወንድምዎ ደግሞ ደመወዝ ይቁረጡለት። እኔም የታናሽ ወንድሜን ቤት ሳሠራ ደረሰኝ ስጠየቅ ከፍቶኝ ያውቃል። በነጻ ስለምሮጥ ጥያቄው ስድብ መስሎኝ ነበር። ደመወዝ ያለው ሰው ግን ደረሰኝ ማቅረቡን እንደ ሥራው ይቆጥረዋል፤ ፍቅራችሁም ይተርፋል።

ካርታው በማን ስም እንደሆነ አልጻፉልኝም። በወንድምዎ ስም ከሆነ ጠበቃ ሳያማክሩ አንድ ብር እንዳይልኩ። ይህን እለምንዎታለሁ።

ሐምሌ ላይ መሠረት ላስቆፍር ላሉት፦ መስከረምን ይጠብቁ። በተለይ ቦታው ጥቁር አፈር ከሆነ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስለ መሠረቱ ጥልቀት የአፈር ባለሙያ ይጠይቁ።

የመጨረሻው ጠያቂ ኮንትራክተሩ «ጨርሻለሁ፣ ቀሪውን ክፈለኝ» ብሏቸዋል። በሩ አይገጥምም፣ የመታጠቢያ ቤቱ ውሃ ወደ ሳሎን ይፈሳል።

እንግዲያውስ አላለቀም። ቁልፍ ከመቀበልዎ በፊት ከመሐንዲሱ ጋር ክፍል በክፍል ይዙሩ፤ ቧንቧውን ይክፈቱ፣ መብራቱን ያብሩ፣ ጉድለቱን ሁሉ ጽፈው አስፈርሙት። ይህ ጊዜያዊ ርክክብ ነው። የመጨረሻው ርክክብ የሚደረገው በውሉ የተቀመጠው የጉድለት ማረሚያ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት፣ ሲያልፍ ነው፤ ክረምት ያላየ ጣሪያ እንደሚያፈስና እንደማያፈስ አይታወቅምና። ከየክፍያው 5 በመቶ መያዣ ማስቀረት የተለመደው ለዚሁ ነው። እርስዎ ግን ውሉ ላይ አላስገቡትም፤ ስለዚህ ያልተከፈለው ቀሪ ብር መያዣዎ ነውና ጉድለቱ ሳይታረም አይልቀቁት። ርክክብ ከተደረገ በኋላም ቢሆን በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቁጥር 3039፣ ኮንትራክተሩን ለሥራው ጥንካሬ 10 ዓመት ተጠያቂ ያደርገዋል። አልታረምም ካለ ውሉንና የተፈረመውን ዝርዝር ይዘው ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ።