ውሻችን ሌሊት ይፈታ ወይስ ይታሰር?

ጥያቄ፦ ሱሉልታ አዲስ ቤት ሠርተን ገብተናል። አጥራችን ቆርቆሮ ስለሆነ ሌሊት ጅብ ስሩን ሲጭር እንሰማለን። ውሻችንን ፈትተን ብናሳድረው ይሻላል ወይስ አስረን? ሰፈሩ ውስጥ ደግሞ የአይጥ መርዝ የሚያስቀምጡ አሉ። ምናልባት ቢበላ ወተት ብንግተው ይድናል?

መልስ፦ ፈትታችሁም አስራችሁም አታሳድሩት። የታሰረ ውሻ ጅብ ሲመጣበት መሸሽም መታገልም አይችልም። የተፈታው ደግሞ በአጥሩ ስር ሾልኮ ጅቡን ይገጥማል። ከመሸ በኋላ በሩ የሚዘጋ የራሱ ቤት ውስጥ ይደር። ከውስጥም ሆኖ ይጮኻል፤ ጥበቃው አይቀርባችሁም።

ለመካከለኛ ውሻ ወርዱ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ20 የሆነ ቤት ይበቃል። ወለሉ ከመሬት 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ የሱሉልታ ክረምት ብርዱም ጭቃውም ከባድ ነው። በሩን በፌሮ አስበይዱት፤ በብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ8 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። ቆርቆሮ ብቻውን በር አይሆንም፣ ጅብ ጠርዙን በጥርሱ ከያዘ ይገነጥለዋል። የአጥሩን ስር 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍራችሁ ድንጋይና ሲሚንቶ ሙሉበት።

ጅቡን ደጃችሁ የሚያለምደው ግን ሽታ ነው። በበዓል ማግስት የበግ የሆድ ዕቃና አጥንት ገደል ዳር አትጣሉ፤ በጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩት። ውኃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባም ለውሻው ጥሬውን አይሰጥ። ውሻው ሆድ ውስጥ ትል ይሆናል፣ እንቁላሉም ልጆቻችሁን ይይዛል።

ወተቱን ተዉት። ወተት መርዝ አያረክስም፣ እንዲያውም አንዱን ዓይነት ያባብሰዋል። ይኸውም ጥቁር ግራጫ ዱቄት የሆነው ዚንክ ፎስፋይድ ነው። ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲገናኝ ገዳይ ጋዝ ይፈጥራል፤ ወተትም እንጀራም ሆድ ሲገባ አሲዱ ይጨምራል፣ ጋዙም ይበዛል። ውሻው ከሩብ ሰዓት እስከ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያስመልሰዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ትውከቱ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ለማረጋገጥ ብላችሁ አፍንጫችሁን አታስጠጉ፤ ጋዙ ሰውንም ይጎዳል። በመኪና ስትወስዱት መስኮቱን ክፈቱ።

ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ቀለም የተነከረ እህል ወይም ጠጣር ቁራጭ ሲሆን፣ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል። የሚያታልለው ይኼኛው ነው። ውሻው ከ3 እስከ 5 ቀን ደህና ሆኖ ይበላል፣ ይጫወታል። ከዚያ ድዱ ይነጣል፣ ያስላል፣ ከአፍንጫው ይደማል፣ ሰገራው ይጠቁራል። ማርከሻው ቫይታሚን ኬ1 ነው፤ ለሳምንታት ይሰጣል፣ ተሻለው ብላችሁ ካቋረጣችሁ መድማቱ ይመለሳል። ስለዚህ መብላቱን ከጠረጠራችሁ ምልክት ሳትጠብቁ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት። የመርዙን ማሸጊያ ያዙ፣ የበላበትን ሰዓትና የውሻውን ክብደት ንገሩ። ዘይትም አትጋቱት፣ ሳንባው ውስጥ ይገባል። በጨው ለማስመለስም አትሞክሩ። ድመት ካላችሁ፣ መርዝ የበላች አይጥ ስትበላ እሷም ትመረዛለች።

ጅብ የነከሰው ውሻ ካለ ቁስሉን በባዶ እጅ አትንኩ፤ ጅብ የእብድ ውሻ በሽታ ያስተላልፋል። ከዚህ በፊት ቢከተብም ወዲያው ማጠናከሪያ ክትባት ያስፈልገዋል። ሰው ከተነከሰ ወይም ለሃጩ ቁስል ላይ ካረፈ፣ ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ አጥባችሁ በዕለቱ ጤና ጣቢያ ሂዱ።