ልጅዎ ልክ ነው፤ አምባዛ ነው

ከቀወት ወረዳ፣ ከሸዋ ሮቢት አቅራቢያ አንድ አርሶ አደር ፎቶ ልከው ጠይቀውናል፦ «ክረምቱ ሲወጣ ወንዝ ዳር ከተኛ ውሃ ጣት የሚያካክሉ ጢማም ዓሣዎች ያዝኩ። ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) ካለበት ኩሬዬ ልጨምራቸው ብዬ በባልዲ አስቀምጫቸዋለሁ። ልጄ የአምባዛ ጫጩት ነው ይላል። ጎረቤቴ ግን የማያድግ ትንሽ ዘር ነው ይላል። ማን ልክ ነው?»

ጋሼ፣ ልጅዎ ልክ ነው። ጢም ብቻ አይቶ መፍረድ ያሳስታል፤ ጢማም ዓሣ ብዙ ነው። ጀርባውን ይዩ። አንዱን በእርጥብ ጨርቅ ይያዙት፤ ቅርፊት ስለሌለው ያሟልጫል። ጎኑ ላይ ካለው ክንፍ ሹል አጥንትም ይጠንቀቁ፤ ይወጋል። ከጭንቅላቱ ኋላ የሚጀምር አንድ ክንፍ ሳይቋረጥ እስከ ጅራቱ ሥር ከዘለቀ አምባዛ ነው። በፎቶዎ ላይ ይህ ጥርት ብሎ ይታያል። ጭንቅላቱ ጠፍጣፋና ጠንካራ ነው፤ ጢሙ ስምንት፣ ጅራቱም ክብ ነው።

በዓባይ ተፋሰስ ካሉት ሌሎች ጢማሞች አንዳንዶቹ ግን የጀርባ ክንፋቸው አጭር ነው። ከእሱ ኋላ፣ ወደ ጅራቱ፣ ስብ የመሰለ ሌላ ለስላሳ ክንፍ አላቸው፤ ጅራታቸውም ሹካ ይመስላል። ሲኖዶንቲስ የሚባለው ደግሞ የታችኛው ጢሙ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተበጣጠሰ ነው።

ጎረቤትዎ «አያድግም» ያሉት መጠኑን አይተው ይመስለኛል። አምባዛ በዝናብ ወቅት፣ ውሃ በተኛበት ሣር ላይ እንቁላሉን ይጥላል። ስለዚህ አሁን የሚያገኙት ጫጩት ነው። ሲያድግ ከ1 ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል። የእናንተ ቆላ ሞቃት ስለሆነ ይስማማዋል፤ እንደ ደብረ ብርሃን ያለ ብርድ ግን እድገቱን ያጓትተዋል።

ባልዲውን ዛሬውኑ ይዩልኝ። ትልልቁ ትንንሹን ይውጣል፤ በመጠን ይለዩዋቸው። ከወንዝ የመጣ ዓሣ በሽታ ሊያመጣ ስለሚችል ጥቂት ቀን ለብቻው ይቆይ። ቆሮሶው ገና ጫጩት ከሆነ አምባዛውን አይጨምሩ፤ ይበላብዎታል። ትልልቅ ከሆነ ግን ጥሩ ነው። ቆሮሶ ያለልክ ሲራባ ኩሬው ይጣበብና ሁሉም ቀጭጮ ይቀራል፤ አምባዛው ጫጩቱን እየበላ ይቀንስልዎታል።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው ቅርፊት የለውም ብሎ አምባዛ አይበላም። ገበያውን ሳይጠይቁ ኩሬውን በእሱ አይሙሉት። ዙሪያውንም ይጠሩት፤ አምባዛ አየር መተንፈስ ስለሚችል ዝናባማ ሌሊት እየተሳበ ይወጣል።