ቢገነጠልም ተመልሶ የሚበቅለው ተቀጽላ

ጥያቄ፦ ጓሮዬ ያለው የብርቱካን ዛፍ ላይ ቅጠሉ ለየት ያለ ቁጥቋጦ በቅሏል። አምና በእጄ ገንጥዬ ብጥለውም ዘንድሮ እዚያው ቦታ በዝቶ ወጣ። ከሱ ወዲያ ያለው የቅርንጫፉ ጫፍ እየደረቀ ነው። ማዳበሪያ ብጨምርለት ዛፉ ይቋቋመዋል? (ከጅማ)

መልስ፦ ዛፍዎ ላይ የወጣው ተቀጽላ ነው። አረንጓዴ ስለሆነ ምግቡን በፀሐይ ብርሃን ራሱ ያዘጋጃል፤ ውሃና ማዕድን ግን የሚወስደው ከብርቱካኑ ነው። ሥር መሰል አካሉ ልጡን ሰርስሮ እንጨቱ ውስጥ ይገባና ውሃ ከሚያመላልሱት ቧንቧዎች ጋር ይያያዛል፤ ቅርንጫፉ የሚያብጠውም እዚያ ላይ ነው። ጉዳቱ የሚብሰው በበጋ ነው። ብርቱካኑ ውሃ ሲያጥረው የቅጠሉን ቀዳዳዎች ዘግቶ ይቆጥባል፤ ተቀጽላው ግን መሳቡን አይተውም። ጫፉ ቀድሞ የሚደርቀው ለዚህ ነው። ማዳበሪያ ቢጨምሩ ተቀጽላውም ይካፈለዋል እንጂ አይሞትም።

የገነጠሉት ተመልሶ የበቀለው እንጨቱ ውስጥ ከቀረው ክፍል ነው። ስለዚህ መቆረጥ ያለበት ቅርንጫፉ ራሱ ነው፤ ከእብጠቱ ወደ ግንዱ በኩል ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር ገባ ብለው በመጋዝ ይቁረጡት። ቅርንጫፉ ወፍራም ከሆነ መጀመሪያ ከሥሩ ትንሽ ይጋዙ፣ ከዚያ ከላይ ይጨርሱ። ከላይ ብቻ ከቆረጡ ሲወድቅ የግንዱን ልጥ ይዞ ይላጣል፤ ያ ቁስል ከተቀጽላው የባሰ ጣጣ ያመጣል።

ግንዱ ላይ የበቀለ ካለ ግንዱን አይቆፍሩ። ተቀጽላውን ከልጡ እኩል አድርገው ይቁረጡና ብርሃን በማያሳልፍ ጥቁር ላስቲክ ጠቅልለው ይሰሩት። ብርሃን ሲያጣ ይዳከማል፤ እስኪሞት ግን እስከ 2 ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ግንዱ ሲወፍር ማሰሪያው እንዳያንቀው በየጥቂት ወሩ ያላሉት፤ ላስቲኩ ከተቀደደም ይቀይሩት።

ይህን ሁሉ የተቀጽላው ፍሬ ሳይበስል ቢያደርጉት ይመረጣል። ፍሬውን ወፎች ይወዱታል፤ ዘሩ በሚያጣብቅ ሙጫ የተሸፈነ ስለሆነ ከወፏ አፍ ወይም ኩስ ወጥቶ ቅርንጫፍ ላይ ይለጠፋል፣ እዚያው ይበቅላል። አጠገብዎ ተቀጽላ የወረረው ግራር ካለ ብርቱካኑን በየዓመቱ መፈተሽ ግድ ነው። ገና ለጋ ሳለ ከተገኘ ቀጭን ቅርንጫፍ ብቻ ቆርጠው ይገላገላሉ።

ፀረ አረም ግን አይርጩ፤ ከብርቱካኑ ጋር የተያያዘ ስለሆነ መድኃኒቱ ዛፉንም ይጎዳል።