ጣና ላይ ጉማሬ ለማየት ለምትመጡ

«ልጆቹን ጣና ወስጄ ጉማሬ ላሳያቸው ነው። ስንት ይዤ ልምጣ?» ገና በደረሰ ቁጥር ይህ ጥያቄ አይቀርልኝም። ባሕር ዳር ተወልጄ ስላደግሁ ይመስለኛል፣ ከአገር ከወጣሁ ሃያ ዓመት ቢያልፈኝም ዘመድ አዝማዱ እንደ አስጎብኚ ያየኛል። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው። ከብሩ በፊት ሰዓቱን አስቡ።

እኔም ተበልቼ ነው የተማርኩት። የመጀመሪያ ጊዜ ሁሉን ነገር ውጭ ሆኜ በሰው በሰው አስያዝኩ። የከፈልኩትም በዶላር ነው። ትልቅ ጀልባ፣ ሙሉ ቀን፣ አምስት ገዳም፣ ምሳ ጭምር። ሌሎች እንግዶች ሲጠበቁ ቆይተን የተነሳነው ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ መጣ። ትንሿ ልጄ ስታስመልስ ዋለች። የጉማሬ ጆሮ እንኳን አላየንም። ማታ ላይ «አባዬ፣ ጉማሬው ዛሬ ሥራ አልገባም እንዴ?» አለችኝ።

በሁለተኛው ጉዞ የእህቴ ልጅ ያገናኘኝን ባለጀልባ ያዝኩ። ስምንት ሰው የምትይዝ፣ ከላይ ሸራ የተወጠረባት ትንሽ የሞተር ጀልባ ነበረችው። ንጋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳን። አባይ ከጣና ወደሚወጣበት አካባቢ ስንቃረብ ሞተሩን ቀነሰና ዝም አለ። በጣቱ ብቻ አሳየን። አምስት ነበሩ። አንደኛው አፉን በልቅጦ ሲያዛጋ፣ ለወትሮው አንደበታቸው የማያርፍ ልጆቼ ቃል አልወጣቸውም። የከፈልኩት የፊተኛውን ሩብ አይሞላም።

ምስጢር የለውም። ጉማሬ ሌሊቱን ሣር ሲግጥ ያድርና ሲነጋ ወደ ውኃው ይመለሳል። ፀሐዩ ሲበረታ ጠልቆ ይተኛል፤ ብታገኙም ዓይንና አፍንጫ ነው። ነፋሱም አለ። ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢሰፋም ጥልቀቱ 15 ሜትር ቢሆን ነው። እንዲህ ያለ ውኃ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነካው ማዕበሉ አጭርና ቁጡ ይሆናል። በትንሽ ጀልባ ጧት ወጥቶ ከቀትር በፊት መመለስ ነው።

ሰዓቱ በሐበሻ አቆጣጠር መሆኑን አደራ እንዳትረሱ። አንድ ወዳጄ «12 ሰዓት» ተባብሎ እኩለ ቀን ላይ ከች አለ። ባለጀልባው ስድስት ሰዓት ሙሉ ሲጠብቀው ነበር።

ዋጋ ስትነጋገሩ መጀመሪያ «ለጀልባው ነው ለሰው?» በሉ። የጀልባ ትልቁ ወጪ ቤንዚን ነው፤ አራት ሰው ሆናችሁ ስምንት ብትሆኑ ለባለጀልባው ብዙ ልዩነት የለውም። ስለዚህ ለጀልባው ተዋዋሉና ሆቴል ያገኛችሁትን ሌላ ቤተሰብ ጨምሩ። ቀጥሎ ወደብ ቆሞ የሚጠብቅበት ሰዓት ሒሳቡ ውስጥ መግባቱን ጠይቁ። ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው እዚያ ላይ ነው። የገዳማቱ መግቢያ ለብቻው ይከፈላል፤ ዝርዝር ብር ያዙ። መከራከር የሚያሳፍራችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል። ብቻ ቤንዚን የጠፋ ሰሞን ከሆነ ባለጀልባውን አታስጨንቁት፤ እሱም በውድ ገዝቶ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት ጀልባውን በዓይናችሁ እዩ። የሕይወት አድን ጃኬት «አለ» ማለት አይበቃም። ልጃችሁን አልብሱትና እዩት፤ የትልቅ ሰው ጃኬት ሕፃን ላይ ሾልኮ ይወጣል። ሞተር ቢጠፋ የሚቀዝፉበት ነገር አለ ወይ? እኔ ደግሞ ባለጀልባውን አንድ ጥያቄ እጠይቀዋለሁ፦ «ጉማሬው ጋ ምን ያህል ታስጠጋናለህ?» «እንዳሻችሁ፣ እስክትነኩት» ያለኝን አመስግኜ እተወዋለሁ። ጉማሬ ወፍራም ነው ብላችሁ አትናቁት፤ ሰው ይገድላል፣ ጀልባም ይገለብጣል። በተለይ ግልገል ያላት ስትሆን፣ ወይም ወደ ጥልቁ ውኃ የሚሄድበት መንገድ ላይ ስትቆሙበት። ጉርሻ ጨምራችሁ «ትንሽ ጠጋ በል» የምትሉት ነገር ይቅርባችሁ።

ከጉማሬው ሌላም የሚታይ አለ። ደብረ ማርያም ደሴት ዙሪያ ፔሊካን ታያላችሁ። አሳ አዳኙን ንስር ዛፍ ጫፍ ላይ ፈልጉት። የደንገል ታንኳውን ቀዛፊ ፎቶ ለማንሳት አስፈቅዱ፤ ሰውየው ሥራ ላይ ነው። ከዚያ የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት። በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ቢወስድ ነው። ብዙ ሰው ዘጌን ለገዳማቱ ብቻ ይሄድበታል። እኔ ግን ዑራ ኪዳነ ምሕረት ለመድረስ የምትሄዱበትን የቡና ጫካ ከጉማሬው እኩል አየዋለሁ። ጦጣው፣ ምንቃሩ ላይ ቀንድ የመሰለ ነገር ያለው ወፍ፣ ሁሉም ከቡናው በላይ ባሉት ትልልቅ ዛፎች ላይ ነው። ቀስ ብላችሁ ሂዱ።

ደቅ ደሴትና ዳጋ እስጢፋኖስ ሩቅ ናቸው፤ በትንሽ ጀልባ ለመሄድ ብቻ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከትንንሽ ልጆች ጋር አልመክርም። ዳጋና ክብራን ገብርኤል ገዳማት ደግሞ ሴት አይገባም። ሚስትና ሴት ልጅ ይዞ ሄዶ ጀልባ ላይ ያስቀመጠ ሰው አውቃለሁ። የዚያን ቀን ምሳ ላይ ማንም አላናገረውም።

ወራቱን ከመረጣችሁ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ደህና ነው። ከአውሮፓ ብርድ የሚሸሹ ወፎች የሚመጡት ያኔ ነው። ልጆች ትምህርት ቤት ሲዘጋ በክረምት ብቻ የምትመጡም አላችሁ። ውኃው ይደፈርሳል፣ ዝናብ አለ፤ ጧት ከወጣችሁ ግን ይቻላል። ልጆቹ ዳር ላይ ውኃ ውስጥ ገብተው እንዳይጫወቱ ብቻ። ጣና ቢልሃርዝያ አለበት።

ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ባሕር ዳር ያለ ሰው ስለ ሰላሙ ጠይቁ፤ ከአዲስ አበባ በመኪና ከመሄድ አውሮፕላኑን እመርጣለሁ። ድሮን አትያዙ፤ ያለ ፈቃድ ኤርፖርት ላይ ይቀራል። ሩቁን የሚያቀርብ መነጽርም አንዳንዴ ጉምሩክ ላይ ጣጣ ያመጣል፤ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ደግሞ የባለጀልባውን ስልክ ሳትይዙ እንዳትለዩት። እኔ ያንን ሰው እስከ ዛሬ በቀጥታ ነው የምደውልለት። «ልጆቹ አደጉ?» ይለኛል፤ ከዚያ ሰዓት እንቀጣጠራለን።