ኢንሰርት ሲዘገይ ኤክስፕሌን ይጠቅማል ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ላይ ኢንሰርት (ረድፍ የሚያስገባው ትእዛዝ) እየዘገየብህ «ለኢንሰርት ኤክስፕሌን ማየት ምን ይጠቅማል?» ብለሃል። ኤክስፕሌን ዳታቤዙ ትእዛዝህን በምን መንገድ እንደሚፈጽም፣ ማለትም ፕላኑን፣ የሚያሳይህ ነው። አንዳንዶች «ኢንሰርት ምን ፕላን አለው» ብለው መልሰውልሃል። እንዳትሰማቸው። እኔንም እንዲሁ ብለው ብዙ አንከራተውኛል።

1. ተራው ኤክስፕሌን አንድ ረድፍ ለሚያስገባ ኢንሰርት ምንም አይነግርህም። «ኢንሰርት» ይላል፣ ከሥሩ «ሪዘልት»፣ ወጪው (ግምት ነው እንጂ ሰከንድ አይደለም) 0.01፣ አለቀ። ኢንሰርትህ ከሰሌክት (ዳታ ከሚያነበው ትእዛዝ) የሚቀዳ ከሆነ ግን የሰሌክቱን ፕላን ደህና አድርገህ እየው፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚያ ነው።

2. ኤክስፕሌኑ ላይ አናላይዝ ጨምርበት፤ ትእዛዙን አስኪዶ የፈጀውን ጊዜ ይለካልሃል። ግን ልብ በል፣ አናላይዝ ረድፉን የምር ያስገባል! በቤጊን ጀምረህ፣ የገባውን በሚሰርዘው በሮልባክ ጨርስ። አንድ ባልደረባችን ይህን ትቶ ዋናው ዳታቤዝ ላይ አስኬደው። የሙከራው ክፍያ ከደንበኞች ክፍያ ጋር ተቀላቀለ፤ ሒሳብ ክፍሎች እሱን ሲፈልጉ አመሹ። ደግሞ ሮልባክ ብትልም ሲኩዌንሱ (ተራ ቁጥር የሚሰጠው ቆጣሪ) ወደ ኋላ አይመለስም። የደረሰኝ ቁጥራችሁ በሲኩዌንስ የሚሄድ ከሆነ ቅጂ ላይ ሞክረው።

3. ከፕላኑ ግርጌ ያለውን የትሪገር (ረድፍ ሲገባ ራሱ የሚነሣ ኮድ) መስመር እይ። የእኛ ጉድ የወጣው እዚያ ነው። የክፍያ ቴብላችን በተለቀ ቁጥር ኢንሰርቱ እየባሰበት ሄደ። ዳታቤዙን የያዘው ክፍል «ሰርቨሩ አርጅቷል» ብሎ የግዢ ደብዳቤ ጻፈ። አናላይዝ ላስኪድ ብል «ይሄ የዴቨሎፐር ሥራ አይደለም» ተባልኩ፤ ኮሪደር ላይ አቁመውኝ ሻይ ሊጠጡ ወጡ። እስካሁን ያንገበግበኛል። በስንት ምልጃ ቅጂ ሰጡኝ። አስኬድኩት። ኢንሰርቱ ራሱ ወዲያው ያልቃል። ጊዜውን በሙሉ የሚበላው አንድ ትሪገር ነው፤ ክፍያ በገባ ቁጥር የደንበኛውን ቀሪ ሒሳብ ከመጀመሪያ ጀምሮ ይደምራል።

ፕላኑ የትሪገሩን ሆድ አያሳይህም፤ ስንት ጊዜ እንደተጠራና የፈጀውን ጊዜ ብቻ ነው የሚነግርህ። ውስጡን ለማየት አውቶ ኤክስፕሌንን (ፕላኖችን ሎግ ላይ የሚጽፈውን ተጨማሪ ሞጁል) ጫን፣ ሎግ ሚን ዱሬሽን የሚለውን 0 አድርግ፣ ሎግ ኔስትድ ስቴትመንትስ የሚለውን ክፈት። የእኛው ሎግ ላይ ሴክ ስካን (ቴብሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማንበብ) ፍጥጥ ብሎ ወጣ። የክፍያ ቴብሉ የደንበኛ መለያ ኮለም ኢንዴክስ (ረድፍ ቶሎ የሚያስገኝ ማውጫ) አልነበረውም። ፎሪን ኪ (ወደ ሌላ ቴብል የሚያመለክት ማሰሪያ) ስላለው ኢንዴክስም አለው ብለው ገምተው ነበር፤ ፖስትግሬስ ግን በሚያመለክተው ኮለም ላይ ኢንዴክሱን ራሱ አይሠራልህም። አንድ ኢንዴክስ ጨመርኩ፣ መዘግየቱ ቀረ። መስኮት ላይ ተሰልፎ የሚጠብቅ ሰው ቀረ። ያቺ ኢንዴክስ ዛሬም የምኮራባት ሥራዬ ናት።

የትሪገር መስመር ከሌለና የኢንሰርቱ ጊዜ ራሱ ከበዛ፣ ቴብሉ ላይ ያሉትን ኢንዴክሶች ቁጠር። የእነሱ ድካም ለብቻው አይጻፍም፤ በኢንሰርቱ ጊዜ ውስጥ ተደብቆ ነው የሚመጣው። ማንም የማይጠቀምበት ኢንዴክስ ካገኘህ አውጣው።

እስቲ የአናላይዙን ውጤት ምንም ሳትቆርጥ ለጥፈው፤ ባፈርስ የሚለውንም (ስንት የዳታ ገጽ እንደተነካ የሚያሳየውን) ጨምርበት። ማታ ገብቼ አየዋለሁ።