አይስ ፕላንቷን የገደላት ብርዱ አይደለም

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጁ። የምኖረው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። የውሃ ክፍያው ሲበዛብኝ ከቤቴ ፊት ያለውን ሣር ነቅዬ፣ አምና ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ አይስ ፕላንት የምትባለውን መሬት ላይ የምትንሰራፋ ባለ ሐምራዊ አበባ ተክል ተከልኩ። ኮምፖስት ደባልቄ፣ በየሁለት ቀኑ እያጠጣሁ ተንከባከብኳት። በረዶው ሲቀልጥ ባየው ጠቁራ ሟሙታለች። ለዚህ አገር ብርድ አትሆንም ማለት ነው?
እናት፣ ከኦሮራ

መልስ፦ ትሆናለች እናቴ፣ በጣም ነው የምትሆነው! ስሟ ራሱ አይስ የተባለው በረዶ ስለምትወድ ሳይሆን ቅጠሏ ላይ ያሉት ጥቃቅን እብጠቶች በፀሐይ እንደ በረዶ ስለሚያብለጨልጩ ነው። የእርስዎ ዓይነቷ፣ ዴሎስፐርማ ኩፐሪ፣ የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ ናት። ከእኛ አገርም ዘመድ አላት፤ አቢሲኒከም የሚባል ዝርያ አለ።

የገደላት ውሃው ነው። ይህቺ ተክል ውሃዋን የምታስቀምጠው ቅጠሏ ውስጥ ነው። ብርዱ ሲቃረብ ውሃ ቀንሳ፣ ቅጠሏን አኮማትራ፣ ቀላ ብላ ነው ክረምቱን የምታልፈው፤ እርስዎ ግን ኮምፖስት አብልተው፣ ውሃ አጠጥተው ቅጠሏ እንደተነፋ በረዶው ደረሰባት፣ ሥሯም ውሃ በሚይዘው ጭቃማ የኦሮራ አፈር ውስጥ በሰበሰ። በዚያ ላይ ሴፕቴምበር መጨረሻ ረፍዷል፣ ሥር ለመስደድ ጊዜ አላገኘችም።

ዘንድሮ ሜይ አጋማሽ ካለፈ በኋላ ይትከሉ። ኮምፖስቱን ይተዉት። አፈሩን ከጠጠርና ከሻካራ አሸዋ ጋር ደባልቀው ከመሬቱ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያድርጉት፣ ከላይም የእንጨት ፍቅፋቂ ሳይሆን ደቃቅ ጠጠር ያልብሱት። በችግኞቹ መካከል ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ይተዉ፣ ራሷ ትሞላዋለች። በቀን ቢያንስ ለ6 ሰዓት ያህል ፀሐይ ትፈልጋለች፤ ጥላ ላይ አበባዋ አይከፈትም፣ ስለዚህ ዛፍ ሥር አይሞክሯት። ሥር እስክትይዝ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ከዚያ በኋላ አፈሩ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ብቻ ያጠጧት። ከሴፕቴምበር ጀምሮ ያቁሙ። ከመኪና መግቢያው የሚጠርጉትን በረዶም እሷ ላይ አይከምሩባት።

ደግሞ አሮጌዋን ለመንቀል አይቸኩሉ። እስከ ሜይ ይጠብቁ፣ ግንዷ ጫፍ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ካዩ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ቆርጠው፣ የታች ቅጠሎቿን አንስተው፣ አንድ ቀን ጥላ ላይ አድርቀው አሸዋ ውስጥ ይሰኳት። በቀላሉ ትይዛለች።

ሌላ ቀለም ካማረዎት ቢጫዋ ኑቢጀነም ከሐምራዊዋ ይልቅ ብርድ ትችላለች። እኔን የምትማርከኝ ግን ፋየር ስፒነር ናት፣ ዳሯ ብርቱካናማ፣ ውስጧ ሐምራዊ። የዴንቨር እጽዋት መናፈሻና የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አብረው በሚሠሩበት ፕላንት ሴሌክት በተባለ ፕሮግራም በኩል ለገበያ የወጣች ስለሆነች እዚያው አካባቢዎ ካሉ ችግኝ ቤቶች ይጠይቁ።